መሪው ከፍ ብሏል፤ ታዲያስ?

«ጋሼ፣ መሪው ነው ያደገው ወይስ እርስዎ ነዎት ያጠሩት?»

መሪው ነው ያደገው። ያሳደግኩትም እኔ ነኝ። አንድ መፍቻ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ ቁራጭ እንጨት፤ ወጪው ዜሮ ብር። አንተ ይህን ለመናገር ያወጣኸው ትንፋሽ ይበልጣል።

እንዲህ ያለው ነገር ከየሱቁ በረንዳ ይወረወራል። መሪውን ከፍ አድርጎ የሚነዳ ሰው ሲያልፍ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ የለም። ለእኔስ ግድ የለም፤ ለተረብ መልስ አጥቼ አላውቅም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ወገቡን የሚያመው፣ እጁ የሚደነዝዘው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ስንቱ ሰው «ምን ይሉኛል» ብሎ ብስክሌቱን ጓዳ አስገብቶ በር ዘግቶበታል! ጎማው ጤነኛ፣ ካቴናው ጤነኛ፣ ፍሬኑ ጤነኛ፤ የጎደለው የመሪው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተወረወረውን ሁሉ በየተራ እመልሳለሁ። ለራሴ አይደለም፤ ጓዳ ውስጥ ላለው ብስክሌት ጠበቃ ቆሜለት ነው።

«ሯጭ እንዲህ አይነዳም!»

ልክ ነህ፣ አይነዳም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ጎንበስ ብሎ ነው የነዳው። እንጀራው ነበራ! ከኋላው መካኒክ የጫነ መኪና ይከተለው ነበር፤ ማታ ወገቡን የሚያሸው ባለሙያ ነበረው። አንተን ከኋላ የሚከተልህ ባጃጅ ነው።

ሯጭ የሚጎነበስለትን የንፋስ ነገር ደግሞ በሒሳብ እንነጋገር። ንፋስ ሰውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚበረውን ሰው የሚገፋው ንፋስ፣ 15 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ከሚገፋው በሰባት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ እሱ ቢጎነበስ የሚያተርፈው አለ። አንተ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት የምትል ሰው ብትጎነበስ የምታተርፈው የአንገት ሕመም ነው።

እሺ፣ ጀግና ከተፈለገ ጀግና እጨምርልሃለሁ። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ እ.ኤ.አ. በ1993 በገዛ እጁ በሠራው ብስክሌት ላይ ክንዱን ደረቱ ሥር አጣጥፎ፣ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብር ይገባዋል። ግን ልብ በል፦ አንድ ሰዓት! ሰዓቱ ሲሞላ ወረደ። በዓመቱም ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ያንን አቀማመጥ ራሱ ከለከለው። አንተ ዕድሜ ልክህን ልትነዳ ተነስተህ የአንድ ሰዓት አቀማመጥ ምን ያደርግልሃል?

«ንፋስ ሲነሳ ምን ይውጥሃል?»

ክርኔን አጥፌ ጎንበስ እላለሁ። ከፍ ያለ መሪ መጎንበስን አይከለክልም፤ ቀና ማለትን የሚከለክለው ዝቅ ያለው ነው።

«የሴት ብስክሌት አስመሰልከው!»

እንግዲያው ሴቶቹ ካንተ ቀድመው ገብቷቸዋል። ወገብ ወንድ ሴት የለውም። ሆላንዶች ከሕዝባቸው ቁጥር የሚበልጥ ብስክሌት ያላቸው ሕዝቦች ናቸው፤ ወንዱም ሴቱም፣ ባለሥልጣኑም ተማሪውም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ይነዳል። ፊት ለፊቱን እያየ! ባሕር ዳርም ሆነ ሐዋሳ፣ ባጃጅ ከግራ፣ እግረኛ ከቀኝ፣ ፍየል ከመሃል በሚገባበት መንገድ ላይ አንገቱን ሰብሮ የፊት ጎማውን እያየ የሚነዳ ሰው ያሳዝነኛል። ቀና ያለ ሰው አደጋውን ቀድሞ ያያል፤ ሌላውም እሱን ቀድሞ ያየዋል።

«መሪውን ከፍ ከምታደርግ ኮርቻውን ዝቅ አታደርግም ነበር?»

ይሄ ተረብ ሳይሆን ምክር ነው፤ ክፉ ምክር። ብዙ ሰው የሰማው ስለሆነ ጊዜ ወስጄ እመልሰዋለሁ። ኮርቻ የሚለካው በእግር ነው፤ መሪ የሚለካው በወገብና በክንድ። ሁለቱን አታምታታቸው። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ፣ ፔዳሉ መጨረሻ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ካለ ኮርቻህ ቦታው ላይ ነው። ከዚያ በታች ካወረድከው ጉልበትህ በየዙሩ ከመጠን በላይ እየታጠፈ ነው የሚገፋው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጭነቱ ይብስበታል። የእጅን ሕመም ለጉልበት አሳልፎ መስጠት ሕክምና አይባልም።

ይልቅ ኮርቻውን ካነሳህ አይቀር አፍንጫውን እይልኝ። ወደ ታች ያዘነበለ ኮርቻ ሰውን ወደ ፊት ያንሸራትታል፤ የሚንሸራተተውን ሰውነት ደግሞ መዳፍ ይሸከማል። አግድም አድርገው። ይህም በነፃ ነው። ከመሪው በፊት እሱን ጨርስ፤ አንዳንድ ሰው እዚያው ላይ ሕመሙ ለቅቆት መሪውን ሳይነካ ይቀራል።

«የጣቴ መደንዘዝ የዕድሜ ነገር ነው ልጄ፤ ተወኝ።»

ይህን የሚሉኝ ተራቢዎች ሳይሆኑ የማከብራቸው አባቶች ናቸው፤ መልሱም በአክብሮት ነው። አልተውዎትም አባባ። የሚደነዝዙት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ ዕድሜን አይውቀሱ። ከክርን ወርዶ በመዳፍ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ። መሪው ዝቅ ሲል የላይኛው ሰውነትዎ ክብደት እሱ ላይ ያርፋል፤ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን ደግሞ ይቀጠቅጠዋል። ሐኪሞች ሕመሙን በብስክሌተኛ ስም እስከመጥራት ደርሰዋል። መሪው ከፍ ሲል ክብደቱ ወደ ኮርቻው ይመለሳል፣ እጅዎም ያርፋል። ከብስክሌቱ ወርደውም ካልለቀቀዎ ሐኪም ይየው እንጂ «ዕድሜ ነው» ብለው ቁጭ አይበሉ።

«ቆይ፣ መሪ እንዴት ይወጣል? ከብረቱ ጋር የተሠራ አይደለም እንዴ?»

አይደለም! የአሮጌ ብስክሌት በረከቱ እዚህ ላይ ነው። የሻንጋዩን ፊኒክስ ውሰድ፣ የሕንዱን ሂሮ ውሰድ፣ የእንግሊዙን ራሌ ውሰድ፣ ከአውሮፓ ተጭኖ የመጣውን ባለ ጠምዛዛ መሪ ውሰድ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ በፊት የተሠራ ብስክሌት ማለት ይቻላል ሁሉም መሪውን ያስቀመጠው አንገት በሚመስል ዘንግ ላይ ነው። ያ አንገት በሹካው ቱቦ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል። በመሃሉ ረጅም ብሎን ወርዶ ጫፉ ላይ ካለ ሽብልቅ ጋር ይገናኛል። ብሎኑ ሲጠብቅ ሽብልቁ ወደ ላይ ይሳብና አንገቱን ከቱቦው ግድግዳ ጋር ያላትመዋል፤ የመጥረቢያ እጀታ ውስጥ የሚገባው ሽብልቅ የሚሠራው ሥራ ነው። የያዘው ይኸው ብቻ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

እንግዲህ መፍቻህን አንሳ። አናቱ ላይ የላስቲክ ክዳን ካለ አስወግደው። ከሥሩ የብሎኑ ራስ አለልህ፤ በጥንቱ ብዙ ጊዜ 13 ቁጥር መፍቻ ይይዘዋል፣ በኋለኛው 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጠርዝ መፍቻ። ሦስት አራት ዙር ብቻ ፍታው። ጨርሰህ ካወጣኸው ሽብልቁ ቱቦው ውስጥ ወድቆ ሌላ ሥራ ያመጣብሃል። የቱቦው አፍ ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶም እንዳትነካ፤ እሱ የኩሽኔታው ጠባቂ ነው፣ ከመሪው ከፍታ ጋር ጉዳይ የለውም።

አሁን የብሎኑ ራስ ከተኛበት ቀና ብሎ ቆሟል፤ መሪው ግን ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው «አልፈታ አለ» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ቁራጭ እንጨቱን የብሎኑ ራስ ላይ አስቀምጥና በመዶሻ አንዴ ደህና አድርገህ ምታ። ጠቅ! ብሎ ይወርዳል። ሽብልቁ ለቀቀ ማለት ነው። የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበትህ መሃል ጨብጠህ መሪውን ግራ ቀኝ እያወዛወዝክ ወደ ላይ ሳበው። ለዓመታት ብርሃን ያላየው የአንገቱ ክፍል ብቅ ይላል፤ የደረቀ ጥቁር ግሪስ ለብሷል፣ ቱቦው አፍ በነበረበት ቦታ ላይ የዝገት ቀለበት ታስሯል። በጨርቅ ጥረገው። ጥቁሩ ሲለቅ በብረቱ ዙሪያ የተቀረጹ ቀጫጭን ሰረዞች ታያለህ።

እነዚያ ሰረዞች ሕግ ናቸው። ከቱቦው አፍ በላይ በፍጹም መታየት የለባቸውም። የሠራው ፋብሪካ «ከዚህ አታሳልፈኝ» ብሎ የጻፈው ነው። ምልክት የሌለው አሮጌ አንገት ከሆነ ቢያንስ 6.5 ሴንቲ ሜትር ቱቦው ውስጥ ይቅር። ምክንያቱን እወቀው፦ የቱቦው የላይኛው ክፍል ከውጭ የብሎን ጥርስ ስለተቆረጠበት ግድግዳው ቀጭን ነው። ሽብልቁ እዚያ ቀጭን ቦታ ላይ ከጠበቀ ቱቦውን ያሳብጠዋል፣ ሲብስም ይሰነጥቀዋል። ጠለቅ ብሎ የገባ አንገት ግን ወፍራሙን ግድግዳ ነው የሚይዘው። «አንድ ጣት ብቻ ላሳልፈው» የሚለኝ ሰው ያጋጥመኛል። ያቺ አንድ ጣት ቁልቁለት ላይ መሪውን ባዶ እጅህ ላይ ታስቀርልሃለች። እምቢ በል።

ከፍታውን ስትመርጥ መጀመሪያ መሪውን ከኮርቻው እኩል አድርገህ ሞክር፤ ካልበቃህ ትንሽ ጨምርበት። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ቱቦው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል መሪው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወደ አንተም ይቀርባል፤ 3 ሴንቲ ሜትር ስታነሳው ወደ ኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣልሃል። ስለዚህ ወገብህ ከአንድ ዘንግ ሁለት ጥቅም ያገኛል።

ከመመለስህ በፊት ዘንጉን ግሪስ ቀባው። ይህችን የሚዘል ሰው ከዓመታት በኋላ አንገቱ ከቱቦው ጋር ተጣብቆበት ያለቅሳል። መሪውን ከጎማው ጋር አስተካክልና ብሎኑን አጥብቅ፤ አጥብቅ ስልህ ግን አንጠልጥለህ አትታገለው፣ ከልክ ያለፈ ማጥበቅም ቱቦውን ያሳብጠዋል። ከዚያ ፈተናው ይኸውልህ፦ ጎማውን እንደገና በጉልበትህ ጨብጠህ መሪውን ጠምዝዘው። በመጠነኛ ጉልበት ከዞረ ገና ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ መንገድ ላይ ከሚፈታ በር ላይ ይፈተን።

«ፍሬኑስ? ሽቦው አጠረ!»

በመጨረሻ አንድ ቁም ነገር የተናገረ ሰው ተገኘ። መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራ አዙር፣ ወደ ቀኝም አዙር። ሽቦው ከተወጠረ፣ ወይም ስታዞረው ፍሬኑ ራሱን በራሱ ከያዘ፣ እንዳትነዳው። ረዘም ያለ ሽቦ ከነሽፋኑ አስገባ፤ ከብስክሌት ዕቃ ርካሾቹ አንዱ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ለ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሽቦ ይበቃል።

ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ የጥንት ብስክሌት ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ መሪው ከፍ ሲል ዘንጉም አብሮ ከፍ ይላል፣ የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን እንደያዘ ይቀራል። መሪውን ከማንሳትህ በፊት በዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ያለችውን ትንሿን ማሰሪያ ፍታት፤ መሪው ቦታውን ሲይዝ ዘንጉን በአዲሱ ልክ አስተካክለህ መልሰህ እሰራት። ከፊትም ከኋላም። ፍሬን ሳይፈትን የሚወጣ ሰው ብስክሌቱን አላስተካከለም፤ ራሱን ለአደጋ አስተካከለ።

«የእኔማ ብትደበድበውም አይወጣም፤ ሞቷል!»

አልሞተም፣ ተጣብቋል። አሉሚኒየም አንገት ብረት ቱቦ ውስጥ ግሪስ ሳይቀባ ለዓመታት ሲቀመጥ፣ እርጥበት በገባ ቁጥር ሁለቱ ማዕድናት እርስ በርስ ይበላላሉ፤ የሚፈጠረው ዝቃጭ እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በቱቦው አፍ ዙሪያ አፍስስ። ብስክሌቱን ገልብጠህ በሹካው ሥር ባለው ቀዳዳም ጨምርበት። ይደር። በማግስቱ ድገምበት፣ በየመሃሉ የብሎኑን ራስ በእንጨት ላይ ምታ፣ መሪውን በትዕግሥት አወዛውዝ። በሳምንቱም ሊለቅ ይችላል። ቧንቧ አስረዝመህ ብትጠመዝዘው ግን መጀመሪያ የሚጣመመው ሹካው ነው፤ የተጣመመ ሹካ ደግሞ መሪ ከፍ ቢል ባይል አይነዳም። የዘይቱ ትዕግሥት ካልሠራ ለሚያውቅ መካኒክ ስጠው።

«ለምን ትለፋለህ? በያጅ ጋ ወስደህ ቧንቧ አስበይድበት፣ አለቀ!»

አለቀ ያልከው ትክክል ነው፤ የሚያልቀው የነጂው ጥርስ ነው። ይህ ነገር እውነት ያስቆጣኛል፣ ምክንያቱም በዓይኔ የማየው ነው። ከአንገቱ ቆርጠው፣ መሃሉ የውኃ ቧንቧ አስገብተው፣ በይደው፣ ቀለም ቀብተው «ይኸው ቆንጆ ሆነ» ይሉሃል። ቀለሙ ቆንጆ ነው። ከቀለሙ ሥር ያለው ግን ሙቀት ጠባዩን የለወጠው ብረት ነው። አሉሚኒየም ከሆነ ይብሳል፤ የአሉሚኒየም ብየዳ የራሱ መሣሪያና የራሱ ሙያ ይፈልጋል፣ በሙያው ቢበየድም እንኳ ሙቀቱ ያዳከመው ብረት እንደ ድሮው አይጠነክርም። መሪ ደግሞ በየጉድጓዱ፣ በየፍሬኑ፣ ዳገት ላይ በተነሳህ ቁጥር የሚታጠፍና የሚቃና ቦታ ነው። የተሰነጠቀ ብየዳ «ልሰበር ነው» ብሎ አያስጠነቅቅም፤ በአንዴ ይለቃል። በያጁን አልወቅስም፤ የበር ፍሬም አምጣለት፣ አልጋ አምጣለት፣ እጁን ያስመሰግናል። ጥፋቱ መሪ ይዞለት የሄደው ነው። ርካሽ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ በጥርስ የሚከፈል ርካሽ ግን አልገዛም።

«ከዚህ ሁሉ አዲስ ብስክሌት አትገዛም?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አንገቱን እስከ ሰረዙ አንስተህ ካልበቃህ፣ ቀጣዩ እርምጃ አዲስ ብስክሌት አይደለም፤ ረጅም አንገት ነው። የጃፓኑ ኒቶ ለዚሁ ሲል ቁመቱ የረዘመ አንገት ሲሠራ ኖሯል፤ ስም የሌላቸው ርካሾቹም ሥራውን ይሠራሉ። እሱን ካላገኘህ የመሪውን ቅርጽ ቀይር። ሁለት ጫፉ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስ መሪ፣ አንገቱ ሳይነካ እጅህን ከፍም ቀረብም ያደርገዋል። እንዲህ ያለው መሪ ከወደቀ ብስክሌት ላይ ይገኛል፤ ምናለሽ ተራ ወደሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወርደህ ጠይቅ፣ ሰፈርህ ያለውን ጎሚስታ ጠይቅ። አንዱ የጣለው ለሌላው ወገብ መድኃኒት ነው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ለካ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የአብዛኛው አሮጌ ብስክሌት አንገት ቱቦው ውስጥ የሚገባው ክፍል ውፍረቱ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮ ፈረንሳይ ብስክሌት 22.0 ይፈልጋል፤ በዓይን አንድ ይመስላሉ፣ በመዶሻ ካስገባኸው ግን ቱቦውን ታበላሻለህ። አንዳንድ የልጆችና የርካሽ ብስክሌት ደግሞ 21.1 ነው፤ እሱ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይላላል። የመሪው ወገብም ልክ አለው፦ ቀጥ ያሉትና ጫፋቸው የሚመለሰው ባብዛኛው 25.4፣ ጠምዛዛዎቹ ብዙ ጊዜ 26.0 ሚሊ ሜትር። የጣሳ ቆርቆሮ ቆርጠህ አትጠቅጥቅበት፤ ልኩን ፈልግ። የሚለካበት መሣሪያ ማንኛውም ማሽን ቤት አለ፤ አሮጌውን አንገት ይዘህ ሂድ፣ ልክልኝ ብትለው እምቢ የሚልህ የለም።

መሪ ከፍ ይበል ስል «ፈጠራህ ነው» የሚለኝም አይጠፋም። ከካሊፎርኒያ ግራንት ፒተርሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ሪቨንዴል የሚባል የብስክሌት ድርጅት አቋቁሞ፣ ሯጭ ያልሆነ ሰው መሪው ከኮርቻው እኩል ወይም በላይ ይሁን ብሎ እስከ ዛሬ ይሟገታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ያረፈው የማሳቹሴትሱ መካኒክ ሼልደን ብራውንም ስለ አንገት፣ ስለ ሽብልቅ፣ ስለ ልኩ ለሚጠይቀው ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ በነፃ ሲያስተምር ኖሯል። ሙያቸውን ያልደበቁ ሰዎች ናቸው፤ እኔም የማልደብቀው ለዚሁ ነው።

«የእኔ አዲስ ነው፤ ያንተ ዘዴ አይሠራለትም።»

አይሠራም፣ እውነትህን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ አንገታቸው ቱቦው ውስጥ አይገባም፤ ቱቦውን ከውጭ አቅፎ በጎን ብሎን ይታሰራል። ቱቦው ፋብሪካ ላይ ከተቆረጠ በኋላ የሚነሳ ነገር የለም። ግን አንተም ባዶ እጅህን አትመለስም። ከአንገቱ በላይ የተቀመጡ ቀለበቶች ካሉ ወደ ታች አዛውራቸው፣ አንገቱ በእነሱ ልክ ይወጣል። አንገቱን ገልብጠህ ግጠመው፤ ወደ ታች ያዘነበለው ወደ ላይ ያያል። ሁለቱም በነፃ። ወንድሜ፣ «አሮጌ» ብለህ የሳቅህበት ብስክሌት ግን በሁለት ደቂቃ ልኩን ከባለቤቱ ጋር ያስተካክላል፤ አዲሱ ባለቤቱ ከእሱ ልክ ጋር እንዲስተካከል ያስገድዳል። የትኛው እንደሚሻል አንተው ፍረድ።

«መሪው ከፍ ሲል ዳገት ላይ ፊቱ አይነሳም?»

በጣም ካበዛኸው የፊት ጎማው ይቀልልና ጫን ያለ ዳገት ላይ ይዋልላል። ለዚያ ነው በአንዴ እስከ ጥግ አታንሳ የምልህ። በ2 ሴንቲ ሜትር ጀምር፣ ነድተህ እየው፣ ጨምር። ዳገት ላይ ወደ ፊት ዘንበል በል። ክብደትህ ወደ ኮርቻው ስለሚመለስም ጠባቧና ደረቋ የሯጭ ኮርቻ አትመችህ ይሆናል፤ ሰፋ ያለ ኮርቻም እንደ መሪው ከወደቀ ብስክሌት ላይ ይገኛል።

ስለዚህ አንተ አንባቢዬ፣ ዛሬ ማታ ጓዳ ግባ። ብስክሌቱን አውጣ፣ አቧራውን ጥረግ፣ የአንገቱን አናት እይ። አንገቱ ቱቦው ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ከፍ የሚል ብስክሌት አለህ ማለት ነው። አባትህ ወይም ጎረቤትህ «ዕድሜዬ ገፋ» ብለው የተዉት ብስክሌት ካለም መፍቻ ይዘህ ሂድላቸው፤ አብረህ አንሳላቸው፣ ሰረዙን አሳያቸው፣ ፍሬኑን ፈትንላቸው፣ ከዚያ ሰፈሩን አንዴ ያዙሩት። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚተርብ ካለ ወደ እኔ ላከው።